ለቴሌስኮፕ የተላከ ሽማግሌ

አባባ «ቆመሽ ጠይቂ» ስላሉኝ ስብሰባውን ሁሉ ቆሜ ዋልኩ። ወንበር ሲያቀርቡልኝ «በኋላ» አልኩ። ውሃ ሲያቀርቡልኝም «በኋላ» አልኩ። ከባለቤቶቹ ወገን የመጣ አንድ ደግ ሰውዬ የታመምኩ መስሎት ከሌላ ክፍል ጀርባ የሚደግፍ ወንበር እየገፋ አመጣልኝና፣ የሱም ሚስት የወገብ ዲስክ ሕመም እንዳለባት በጆሮዬ ነገረኝ። አመሰገንኩትና ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምሠራው ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ፣ አውሮፕላኖቹ ለማረፍ ዝቅ ከሚሉበት መንገድ ሥር ካለ ቢሮ ነው። ጥቂት ሰዎች ነን። ሥራችን አንድ ያረጀ ቴሌስኮፕ ምድርን እየዞረ ባለበት፣ ሰዎች ወጥተው እንዲጠግኑት ማቀድ ነው። ቴሌስኮፑ ለብዙ ዓመታት የከዋክብት ፎቶ ሲልክልን ኖሯል። አሁን ግን ሁለት ነገር ይዞታል። እዚያ ከፍታ ላይም ቢሆን ስስ አየር አለና በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ዝም ከተባለ አንድ ቀን ወርዶ ይቃጠላል። በዚያ ላይ ወደ አንድ ኮከብ ዞሮ ሳይነቃነቅ እንዲያይ የሚያደርጉት የሚሽከረከሩ መሣሪያዎች አንድ በአንድ እያለቁበት ነው። የኛ ዕቅድ አራት ሰዎች በመንኮራኩር ሄደው ከሥሩ እንዲገጥሙት፣ ሁለቱ ወደ ውጭ ወጥተው ያለቁትን መሣሪያዎች እንዲቀይሩለት፣ ከዚያም መንኮራኩሩ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ገፍቶ ዕድሜ እንዲጨምርለት ነው። የኔ ድርሻ እጅ ነው። የወጡት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ፣ ምኑን ይዘው ምኑን እንደሚለቁ የማቅደው እኔ ነኝ።

ቴሌስኮፑ ግን የኛ አይደለም፤ ባለቤት አለው። ባለቤቶቹ «ንኩት» ካላሉን ዕቅዳችን ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይህንን እዚያው አጠገብ ዩለስ ከተማ ባለው ቤታችን እራት ላይ ለአባባ ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ይሄ ሽምግልና አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

አባባ አባቴ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአየር ማረፊያው የፓርኪንግ አውቶብስ ሲነዱ ኖረዋል። ከዚያ ውጭ ያለው ሙያቸው ሽምግልና ነው። እዚህ አካባቢ ካገባው ያገሬ ልጅ ግማሹ፣ የሚስቱን ቤተሰብ በር ያንኳኩለት እሳቸው ናቸው። እና ያን ዕለት ማታ ስለ መንኮራኩር ምንም የማያውቁት አባቴ፣ ሥራዬን ከኔ በላይ የሚያውቁ መስለው ይመክሩኝ ጀመር። ጫማችሁን አስጠርጉ። በዕድሜ የሚበልጠው ቀድሞ ይናገር። ጉዳያችሁን ሳትናገሩ እንዳትቀመጡ፣ የቀረበላችሁን እንዳትቀምሱ።

«ደግሞ» አሉ ጣታቸውን አንስተው፣ «አርጅቷል፣ ሊወድቅ ነው፣ ምናምን ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ልጃችሁ ቆማ ቀርታለችና ስጡን ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

ሳቅሁባቸው። እኔ ችኩል ነኝ፤ አፌም አያርፍም፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ያም ሆኖ በስብሰባው ቀን እግሬ አልቀመጥ አለኝ። ሰው በአባቱ ምክር ይስቃል፣ ከዚያ ሳያስበው ያደርገዋል።

ስብሰባው እዚያው ኧርቪንግ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። አለቃዬ በዕድሜ ከኔ ያንሳል፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ችኮላ ላይ ግን እኔን ያስንቃል። ብድግ ብሎ መጀመሪያ ያሳየው ሥዕል ቴሌስኮፑ ወደ ምድር የሚወርድበትን መስመር ነበር። ቀጥሎ ያሳየው ደግሞ ያለቁትን መሣሪያዎች። አባባ ያሉትን አንድ ሳይቀር አደረገው ማለት ነው፣ በተገላቢጦሽ።

የባለቤቶቹ ሰብሳቢ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ሽበታም ሴት ናቸው። ቴሌስኮፑ ገና መሬት ላይ ሲገጣጠም በወጣትነታቸው ሥራውን እንደጀመሩና ከዚያ ወዲህ ከሱ እንዳልተለዩ ሰምቼ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። አለቃዬ እስኪጨርስ ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ብትጎዱትስ?»

አለቃዬ ይህ የመሆን ዕድሉ እጅግ ትንሽ መሆኑን በሥዕል ማስረዳት ጀመረ። «ትልቅ ነው ትንሽ ነው አላልኩም» አሉት። «የጠየቅሁት ብትጎዱትስ ነው።» የመንኮራኩሩ ጭስ መስታወቱን ሊያቆሽሸው ይችላል፣ ስንገጥም የፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡት ክንፎቹ ሊጣመሙ ይችላሉ፤ ይህንን እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ወረቀታቸውን ሰበሰቡና አሁን ባለው ነገር እንደማይፈቅዱ ነገሩን። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው «አሁንም እኮ ያያል» አሉ፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው።

ወደ ቤት ስነዳ ስሳደብ ሄድኩ። ራሳቸው አያድኑት፣ የሚያድን ሲመጣ ይከለክሉታል። ቤት ስገባ አባባ ፊቴን አይተው ወሬውን ሳልነግራቸው ገባቸው፤ ደስ አላቸው እንጂ አላዘኑም።

«እንኳን እንቢ አሏችሁ» አሉ። «በመጀመሪያ ቀን እሺ ቢሉ ኖሮ እኔ ራሴ እጠረጥር ነበር። አንቺ ደግሞ የሰው ልጅ ጠይቀሽ እንቢ ስላሉሽ ትሳደቢያለሽ?»

«አባባ፣ ብረት እኮ ነው!»

«ብረት ከሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዩለስ በገባን በመጀመሪያው ዓመት አባባ አንድ ተሳፋሪ አውቶብሳቸው ላይ ጥሎት የሄደ የግድግዳ ካላንደር ይዘው መጡ። በየወሩ ገጽ ላይ ያ ቴሌስኮፕ ያነሳው ፎቶ ነበር። ዓመቱ አለቀ፣ ካላንደሩ ግን ኩሽና ግድግዳ ላይ ቀረ፤ ቢጫ እስኪሆን፣ ጫፉ እስኪጠቀለል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ የቆመችው እሱ ሥር ነው። ከአባቷ ጋር ተለያይተን አባባ ዘንድ ስመለስ፣ እሷን በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ገጹን እየገለጥኩ ነበር ማታ ማታ የማስተኛት። ሐምራዊ ደመና ያለበትን ገጽ ካላየች አትተኛም ነበር። ኢንጂነሪንግ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀን እየሠራሁ። ያንን ቴሌስኮፕ እወደዋለሁ። ብረት ይወደዳል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ይወደዳል። ተቃጥሎ ሲወርድ ማየት አልፈልግም።

ያቺ ደመናውን ሳታይ የማትተኛ ልጅ አሁን ነርስ ናት። ስብሰባው ባለፈ በሳምንቱ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ኩሽና በር ላይ ቆመች።

«ማሚ፣ ሶ... ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል» አለችኝ። «ማለቴ፣ ፎርማሊቲ ነው፣ ኦኬ? ፕሊስ ሰዎቹን ግሪል አታድርጊያቸው።»

«ምን አላድርጋቸው?»

«ኩዌስችን አታብዢ።»

ልጁን አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ቴክሳስ፣ ማኪኒ ያደገ፣ ዓይን አፋር፣ ቤታችን ሲመጣ ሳይጠየቅ ቆሻሻ የሚያወጣ ልጅ ነው። ለወጉ ያህል እንጂ ነገሩ ያለቀ ነበር። አባባ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሱፋቸውን ሲያስተኩሱ ከረሙ። በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ሆነው አያውቁም ነበርና ነገሩ እንደ በዓል ሆነባቸው።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች በዚያ የቴክሳስ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ። አባባ «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ። «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ እነሱ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነች ከቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። የልጁን ጠባይ ተናገሩ፣ የቤተሰቡን። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዲት ቃል ሳታልፋቸው፣ ጥሩ ዜማ እንደሚሰማ ሰው ያዳምጡ ነበር። ሽማግሌው ሲያበቁ አባባ ወደኔ ዞሩ።

«እናቷ የምትለው ካለ» አሉ።

የምለውን አስጠንተውኝ ነበር። «እንመክርበታለን» ብዬ ዝም ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ብትጎዷትስ?»

ከኮሪደሩ በኩል የልጄ በር ሲንቋቋ ተሰማኝ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ ያወቅሁት። እኚያ የተሳደብኩባቸው ሴት፣ እኚያ «አሁንም እኮ ያያል» ያሉት ሴት፣ በኔ አፍ ተናገሩ። እግዜር ያውቃል፣ በዚያች ደቂቃ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ጥሩ ልጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ ነገሩ ማለቁን እያወቅሁ፣ ሆዴ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ብትጎዷትስ?

ሽማግሌው አልተቆጡም። ባርኔጣቸውን አንድ ጊዜ አዞሩት።

«አንጎዳትም ብዬ ብምልልዎ ውሸታም ሽማግሌ እሆናለሁ» አሉኝ። «ልጁ ደግ ነው፤ ግን ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልዎታለሁ። የተበላሸ ነገር ካለ ከጎረቤት አይሰሙትም። መጀመሪያ እኔው መጥቼ እነግርዎታለሁ። ያኔም እንዲሁ እንደቆምኩ ነው።»

አባባ ለወጉ «እንመክርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉና ሸኟቸው። እኔ ግን እግሬ ተከትሏቸው ወጣ። መኪናቸው በር ላይ ስንደርስ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

«ከሥራ ስትገባ ወዲያው አታናግሯት» አልኳቸው። «ብዙ ሕመም አይታ ነው የምትመጣው። ትንሽ ዝም ብላ ትቀመጥ፤ ከዚያ ራሷ ታወራለች። ደግሞ እግሯ ይበርዳታል። በዚህ ሙቀት እንኳን ካልሲ ካላደረገች አትተኛም። አውልቂ አትበሏት።»

ሽማግሌው ፊታቸው ሁሉ ፈገግ አለ። ባርኔጣቸውን አነሱልኝና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ዞር ስል አባባ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «እኔ ቀጠሮ ሰጥቼ ስሸኛቸው፣ አንቺ እዚህ መኪና በር ላይ ልጅቷን ሰጠሻቸው!» አሉኝ። «በመጀመሪያ ቀን! አሁን በሁለት ሳምንት ሲመጡ ምን ልንላቸው ነው?» ልጄ ከኋላቸው ብቅ ብላ ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። «ማሚ፣ ካልሲ? ሲሪየስሊ? ካልሲ ነገርሻቸው?» ትለኛለች። ሦስታችንም በሩን ክፍት ትተን፣ ቀዝቃዛው አየር ሁሉ ወደ ውጭ እየሄደ፣ እዚያው ቆምን።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ለአለቃዬ ዕቅዱን እንደገና እንሥራው አልኩት። የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር። በያንዳንዱ እርምጃ ላይ፣ ሰዎቻችን እዚህ ጋ ድንገት እጃቸውን ቢያነሱ ቴሌስኮፑ ስናገኘው እንደነበረው ይሆናል ወይስ አይሆንም? አይሆንም የሚል መልስ ያለበትን እርምጃ ሁሉ እየከፋፈልን፣ መሐል ላይ ማቆሚያ እያበጀን ሄድን። ሥራው ረዘመ። አለቃዬ ሰዓቱን አየ፣ ግን እሺ አለ። አባባ ሲሰሙ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው አጸደቁት። እኔ ለራሴ እስከ ዛሬ እንደዚያ በዝግታ ሠርቼ አላውቅም። የቴሌስኮፑን የመሣሪያ ክፍል በር የሚከፍተውን እጅ ሳቅድ፣ ልጄን አዲስ ቤት በር ላይ እያስረከብኩ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ሲያልቅ ለሰብሳቢዋ ጻፍኩላቸው። ፍቀዱልን አላልኩም። የቴሌስኮፑን ጎንና ታች በልኩ ከእንጨትና ከፎም ሠርተን ዩለስ አንድ መጋዘን ውስጥ አቁመነዋል፤ መጥተው ይዩትና እጃችን የሚያጠፋ ከሆነ ይንገሩን አልኩ። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። መጡ፤ ብቻቸውን፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘው፣ ጠፍጣፋ ጫማ ተጫምተው።

መጋዘኑ ይሞቅ ነበር። ወንበር አቀረብኩላቸው።

«በኋላ» አሉኝ።

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከእንጨቱ ቴሌስኮፕ ዙሪያ ቀስ ብለው ዞሩ፤ አንዴ ጎንበስ፣ አንዴ ቀና እያሉ። ሁለት ሠራተኞቻችን ወፋፍራም ጓንት አድርገው የመሣሪያ ክፍሉን በር እንዴት እንደሚከፍቱና የት የት እንደሚያቆሙ አሳዩዋቸው። ሰብሳቢዋ አላቋረጡም፣ አልጻፉም። ሲያበቃ ወደኛ ዞሩ።

«ብትጎዱትስ?»

አለቃዬ አፉን ከፈተ። ከዚያ እኔን አየኝና መልሶ ዘጋው። ለዚያ አንድ ነገር ብቻ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ።

«አንጎዳውም ብዬ መማል አልችልም» አልኳቸው። «ማቆም በሚቻልበት ቦታ ሁሉ እናቆማለን። አንድ ነገር ካበላሸን ግን ከማንም ቀድመው ከኛ ነው የሚሰሙት፤ እዚያው፣ በዚያው ሰዓት። አንደብቅዎትም።»

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈና የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ። ሰብሳቢዋ ቦርሳቸውን እኔ ያቀረብኩላቸው ወንበር ላይ አስቀመጡና ወደ እንጨቱ ተጠጉ። ሠራተኞቻችን የሚይዙት ቢጫ መያዣ ነበር፤ እሱን ነኩት።

«በዚህ በኩል አትያዙት» አሉ። «ይሄ ጎኑ ፀሐይ የበዛበት ነው። የለበሰው ነገር ደርቋል፤ እጅ ሲነካው ይሰነጠቃል።» ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሄደው ሌላኛውን መያዣ በመዳፋቸው ያዙ። «እዚህ ጋ ያዙት።»

አለቃዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ይደባብስ ጀመር።

«ደግሞ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ አሁን ወደኛ ሳይሆን ወደ እንጨቱ እያዩ፣ «ከምድር ጥላ ወጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይንቀጠቀጣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነው። እንዳትደነግጡ። እስኪረጋ ጠብቁት፤ ከዚያ ንኩት።»

ካልሲ ትዝ አለኝ፣ የዚያ ቅዳሜ አስፋልት ሙቀት ትዝ አለኝ። የባለቤቶቹ የፈቃድ ወረቀት በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ይህን ስጽፍም ገና እየጠበቅነው ነው፣ ብዙ ፊርማ ይቀረዋል። አለቃዬ ግን ያኔ መጠበቅ አልቻለምና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ምን ማለታቸው ነው? ፈቀዱ ወይስ አልፈቀዱም?» አለኝ።

«ሰጡን» አልኩት።

እሳቸው አልሰሙንም። መዳፋቸው እንደተጣበቀ ነው፣ በቀለም በተቀባ የእንጨት መያዣ ላይ። እጃቸውን ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኛም አላቻኮልናቸውም።